አባባ ገመቹ ሕፃን ተብለው የታገዱ ሰሞን

አዲስ አበባ ደርሼ ከተመለስሁ ወዲህ ሞጣ ላይ መንገድ ያላስቆመኝ ሰው የለም። ገበያ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ጠመኔ ይዤ ወደ ክፍል ስገባ ጥያቄው አንድ ነው፤ እንዴት ነበር? ለአንዱ ስነግር ሌላው ከመሃል ይደርሳል፤ ከመሃል የደረሰው ደግሞ ለሌላ ሲያወራ እኔ ያላየሁትን ሁሉ አይቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የተማሪ እናት ቦሌ ላይ የሞተ ሰው ተነሥቶ እጄን ጨብጦኛል መባሉን ሰምታ በረከት ልትካፈል ቤቴ ድረስ መጣች። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

የሄድሁበት ጉዳይ ይህ ነው። መንግሥት ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጠቀሙበትን ሁኔታ የሚወስን የሕግ ረቂቅ አዘጋጅቷል፤ ከየአካባቢው ወላጅና መምህር ጠርቶም ሊያወያይ ነው ተባለ። ከእኛ አንድ ሰው ይላክ ሲባል የትምህርት ቤታችን የወላጅና መምህር ኅብረት እኔን መረጠ። የተመረጥሁት ስለ ነገሩ አውቄ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያለኝ ባለቁልፍ ስልክ ነው። የተመረጥሁት በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተማሪ ስልክ በመንጠቅ የሚወዳደረኝ ስለሌለ ነው። ጠረጴዛዬ ስር ያለው መሳቢያ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

ቀልዱን ትቼ፣ አንድ የሚከነክነኝ ነገርም ነበረኝ። አምና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ሰሌዳ ላይ ወጥታ መልሱ ጠፍቷት ስታለቅስ ጓደኞቿ ቀርፀው ለቀቁባት። ከተማው ሁሉ አየው። ድምፅ ጨመሩበት፣ ዘፈን ጨመሩበት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ክፍል አልገባችም፤ አክስቷ ዘንድ ገጠር ገባች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ለምኛታለሁ፤ እሺ ትለኛለች እንጂ አልመጣችም። ስለዚህ ኅብረቱ ሦስት ገጽ አቋም ጽፎ ሲሰጠኝ፣ «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ፈጽሞ ይከልከል» የሚለውን መስመር ከማንም በላይ የወደድሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ሞጣን ሳይነጋ ለቀቅን። ከጎኔ የተቀመጠው የእህል ነጋዴ ገና ቢቸና ሳንደርስ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ለቀቀው። አንዴ ስብከት፣ አንዴ ቀልድ፣ አንዴ ሁለት በሬ ሲዋጋ። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከኋላችን ያለችው ሴት ደግሞ የራሷን ከፍታለች፤ ከፊት ረዳቱ። እጄ ከልማዱ ሊነጥቅ ተነሥቶ ነበር፤ የነጋዴውን ሪዝ አየሁና ተውሁት።

ደጀን ምሳ በላን። ጥብሱ ደህና ነበር፤ እንጀራው ግን የእኛን አገር ጤፍ ለለመደ ሰው አፍ ላይ ይንከራተታል። ከዚያ ዐባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ኔትወርክ ጠፋ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው መኖሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ቀና አለ። ነጋዴው እንደ ባነነ ሰው ዞሮ አየኝና ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አለ፤ ሲጣራ የአጎቴ የክርስትና ልጅ ሆኖ ተገኘ። ቆሎ አውጥቶ እፍኜን ሞላልኝ። ለምን እንደምሄድ ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ ልጆቹ ስልክ ይዘው መጽሐፍ መግለጥ ትተዋል፤ ሕጉ ቶሎ ይውጣ አለኝ። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ እሱም ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

አውቶቡስ ተራ የተቀበለችኝ ጫልቱ ናት። በመምህራን ኮሌጅ አንድ ዶርም ኖረናል፤ እሷ ማስተማሩን ትታ አሁን ጎሮ ላይ ሲሚንቶና ብረት ትሸጣለች። በከተማው ሁሉ ቤት እየተሠራ ስለሆነ እጇ ከስልክ አይለይም። ከተማውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስናቋርጥ ያለቀ ነገር አላየሁም፤ ያልተጀመረም አላየሁም። ሁሉም መሃል ላይ ነው። ፎቁ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ፣ ከላዩ ክሬን ተንጠልጥሎ፣ ታችኛው ክፍል ላይ ደግሞ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል። በእኛ ከተማ ቤት አልቆ፣ ጸበል ተረጭቶ ነው ሰው የሚገባበት።

የጫልቱ ቤት የባሏ የደረጀ አባት ግቢ ውስጥ ነው። ደረጀ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ውስጥ ማታ ማታ ስለሚሠራ ቀን ይተኛል፤ ስልኩንም አጥፍቶ ነው የሚተኛው። አባቱ አባባ ገመቹ ይባላሉ። ድሮ ከጎሮ እስከ ገርጂ ያለው መሬት ጤፍና ሽምብራ ሲዘራበት ገበሬ ነበሩ። ከተማው ሲመጣ ጎረቤቶቻቸው ወደየአቅጣጫው ሄዱ፤ የእሳቸው ግቢ ብቻ በኮንዶሚኒየም መካከል አንድ ግራር ይዛ ቀርታለች። ከላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሁሉም ንግግሩን አቁሞ ይጠብቅና ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። በእኛ አገር ሰው መሃል ላይ ዝም ካለ ተቀይሞ ነውና፣ መጀመሪያ ጫልቱን ምን በደልኋት ብዬ ደንግጬ ነበር።

አባባ ገመቹ ግን የምር ዝም ብለው ነበር። ሰላምታዬን ተቀብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐዘን ያለ መስሎኝ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅ ጫልቱ ያዘችኝና ወደ ጓዳ ወስዳ ነገረችኝ።

አባባ ገመቹ ማታ ማታ በስልክ ላይቭ፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ ይገቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጃቸው፣ የጫልቱ ልጅ ሲፈን አካውንት ከፍታላቸው፣ ከግራሩ ስር ተቀምጠው የተበተኑ ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው ይጠራሉ። እከሌ ጉልበትህ ተሻለህ? እከሊት ልጅሽ ወለደች? የተጣላ ካለ እዚያው ያስታርቃሉ። የሰፈሩ ሰው ቁጥራቸውን እንኳ አይዝም፤ ሲፈልጋቸው ማታ መጠበቅ ነው። አራትና አምስት መቶ ሰው ያዳምጣቸዋል። ታዲያ እኔ ከመድረሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጉንፋን ይዟቸው እየሳሉ «ደህና እደሩ ልጆ…» ሲሉ ስክሪኑ ጠፋ። አካውንቱ ታግዷል።

ለምን ብዬ ብጠይቅ ጫልቱ ሳቋን ዋጠች። «ዕድሜያቸው አልደረሰም ነው የሚለው» አለችኝ።

ማክሰኞ

ውይይቱ ረቡዕ ስለሆነ ማክሰኞ ነፃ ነበርሁ። ጫልቱ ሱቅ ገባች፤ ደረጀ ተኛ፤ ሲፈን ትምህርት ቤት ሄደች። አባባ ገመቹ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ላይ ጠበቁኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተዋል። እኔ ከመንግሥት ጋር የምነጋገር ሰው ከሆንሁ የእሳቸውንም እገዳ ማስነሣት አያቅተኝም ብለው አምነዋል። ባለቁልፍ ስልኬን ባሳያቸውም እምነታቸው አልቀነሰም።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስልክ የሚያውቁ ሰዎች አሉ ተብለን በታክሲ ሄድን። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን እያሳዩ ነገሩኝ። ይኼ ሆቴል የእገሌ ሽምብራ ነበር። እዚህ ባንኩ ጋ ጅብ አህያ በልቶብኛል። ሾፌሩ በመስተዋት እያየ ይስቃል። እኔ ደግሞ ሞጣ ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አሳይቶኝ እንደማያውቅ አሰብሁ፤ የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ማሳው አሁንም እዚያው ስላለ ማሳየት አያስፈልጋቸውም።

አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስልክ የምትጠግን ሴት አገኘን። ወደ እሷ ለመድረስ የሚንቀሳቀሰውን ደረጃ መያዝ ነበረብን። አባባ ገመቹ እግራቸውን ዘርግተው ይሰበስባሉ፤ ይዘረጋሉ፤ ይሰበስባሉ። እኔ ላሳያቸው ብዬ ቀድሜ ወጣሁና ቀሚሴ እንዳይያዝ ስጨነቅ ዞር ብዬ ሳያቸው እሳቸው ከታች ቆመው እየራቅሁ በመሄዴ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። ወርጄ ልመለስ ብል በዚያው በሚወጣው ነው የምወርደው። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። አንድ ዘበኛ አባባን በእጃቸው ይዞ በተራው ደረጃ አወጣልኝ፤ እኔንም ከሚንቀሳቀሰው ላይ አውርዶ ተራውን እንድጠቀም በትሕትና መከረኝ።

ስልክ ጠጋኟ መልእክቱን አነበበችልን። አካውንቱ ላይ የተሞላው የልደት ቀን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ላይቭ መግባት ክልክል ነው፤ ዕድሜውን ለማረጋገጥ የመታወቂያና የፊት ፎቶ ይላክ ይላል። አባባ ገመቹ መታወቂያቸውን አወጡ። ሴትዮዋ አየችው፤ እሳቸውን አየች፤ ደግማ አየችው። በመታወቂያው አርባ ሦስት ዓመታቸው ነው።

የጻፈው የቀበሌ ሰው መቼ ተወለዱ ሲላቸው የአንበጣው ዓመት ብለውት ኖሯል። እሱም የመሰለውን ሞላ። «ደረጀ አርባ አምስት ነው» አሉኝ በቁም ነገር። «ከልጄ በሁለት ዓመት አንሳለሁ።»

ያም ሆነ ይህ ከአሥራ አምስት አርባ ሦስት ይሻላል ተብሎ ተላከ። ፎቶ ሲነሡ አልስቅ ብለው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ሕፃን እንዳይመስሉ ነው። መልሱ ተመርምሮ ይመጣል አለ። ማን እንደሚመረምረው አልተጻፈም።

ምሳ አትላስ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ገባን። የምግብ ዝርዝሩ ውስጥ የማውቀው ውኃና ቆስጣ ብቻ ነበር። በርገር አዘዝን። አባባ ገመቹ ዳቦውን ለብቻ፣ ሥጋውን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ አድርገው አስቀምጠው፣ ሥጋውን በልተው ሌላውን ለወፍ በወረቀት ጠቀለሉት። አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ ስትመጣ አተኩራ ታያቸዋለች። አባቴ መስለዋት ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብላ፣ ሰሞኑን ያረፉ አንድ ሽማግሌን ቁርጥ መሆናቸውን ነገረችኝ፤ ላይቭ ይገቡ የነበሩ ናቸው፤ እናቷ ስታለቅስ ነው ያደረችው።

አባባ ገመቹ ሰምተው ኖሮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከወጣን በኋላ ግን ጥቂት ቅር ብሏቸው በዚህ ዕድሜ ላይቭ የሚገባው እሳቸው ብቻ ይመስላቸው እንደነበር ነገሩኝ። እኔም አልጠረጠርሁም። እንዲህ ናችሁ መምህራን በሉኝ።

ማታ ሲፈን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ውስጥ እንግሊዝኛው ስለሚበዛ ግማሹን በግምት ነው የምከታተላት። ያን ዕለት ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። አካውንቱን ስትከፍት አያቷን የልደት ቀን ጠይቃቸው የአንበጣውን ዓመት ነገሯት፤ የአንበጣ ዓመት የሚል ደግሞ አፑ ላይ የለም፤ ስለዚህ የራሷን ሞላች። ያኔ ጨዋታ መስሏት ነው። አሁን ግን አያቷ እራት ሲተዉ እያየች መናገር ፈርታለች። አባቷ ከሰማ ስልኳን ለዘለዓለም ይነጥቃታል።

ሞጣ ብሆን መሳቢያዬን እከፍት ነበር። እዚያ ግን እንግዳ ነኝ። ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሳቸው ንገሪያቸው አልኋት። ተነሥታ ሄደች፤ እኔም ተከተልሁ። አያቷን በኦሮምኛ አካኮ ብላ ነው የምትጠራቸው። ጫማቸው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አውሮፕላን መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ስለዚህ እኔ አንቺ ነኝ ማለት ነው?»

«አፑ ላይ አዎ» አለች እያለቀሰች።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ? አንቺ ሆኜ ሁለት ዓመት ኖርኩ፤ አልከፋኝም።» ከዚያ እራት አምጡልኝ አሉ። ከቅዳሜ ወዲህ እራት ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ረቡዕ

ውይይቱ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰው ከኋላቸው በጥብጣብ ታስረዋል፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚለብሱት ሙሽሮች ናቸው። አባባ ገመቹ አብረውኝ መጡ። አይሆንም ብዬ ነበር፤ ግብዣው ለአንድ ሰው ነው። እሳቸው ግን በሩ ላይ ተጋባዥ ነዎት ወይ ሲባሉ ጉዳዩ የሚመለከተኝ ነኝ አሉ። መዝጋቢዋ ትንሽ ግራ ተጋባች። ፊት ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ የልጆች ፓርላማ ተወካይ ትሆናለች የተባለችው ተማሪ ፈተና ስላለባት አልመጣችም። ሽማግሌ ቆሞ ከሚውል ብላ እዚያ አስቀመጠቻቸው። ከፊታቸው ያለው ካርድ «የሕፃናት ተወካይ» ይላል። ማንም አላነሣውም።

ረቂቁን ያቀረበው ወጣት የሕግ ባለሙያ ነው። በደንብ አስረዳን። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አካውንት አይከፍትም፤ ድርጅቶቹ ዕድሜ የማረጋገጥ ግዴታ አለባቸው፤ ማረጋገጫውም መታወቂያ ነው። ከዚያ መድረኩ ለአስተያየት ተከፈተ። አንድ አባት ክልከላው እስከ ጋብቻ ይሁን አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት የማያገባስ ብላ ጠየቀች። አንድ ርእሰ መምህር ስልክ ራሱ ይከልከል እያሉ ሲናገሩ የራሳቸው ስልክ ጮኸ፤ ወጥተው አነጋግረው ተመልሰው ንግግራቸውን ቀጠሉ። የእኛ ቀበሌ ስብሰባ ልዩነቱ ማይክራፎን የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ሰብሳቢዋ የካርዱን ጽሑፍ ከሩቅ አንብባ፣ ሰውየውን ሳታይ፣ «እስኪ ደግሞ ከልጆቻችን እንስማ» አለች። አባባ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። አዳራሹ ተንጫጫ። እኔ ጠረጴዛው ስር ብገባ ደስ ባለኝ።

«ገመቹ እባላለሁ። የሕፃናት ተወካይ ብላችሁ አስቀምጣችሁኛል። ማንም አልወከለኝም። ግን ዕድሜህ አልደረሰም ተብዬ ታግጃለሁና ወንበሩ አይበዛብኝም።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። መታወቂያቸውን አውጥተው ከልጃቸው በሁለት ዓመት ማነሳቸውን ነገሩ። ባለሙያውም አብሮ ሳቀ፤ ልጅ ትልቅ መስሎ ሲገባ የሚያዝበትን መንገድ ብዙ እንዳሰቡበት፣ ትልቅ ሰው ልጅ ሆኖ ይመዘገባል ብለው ግን እንዳላሰቡ በግልጽ ተናገረ። አባባ ገመቹ ግን አልተቀመጡም።

«ልጆችን ጠብቁ። የእኔም ልጅ አለች፤ ጠብቁልኝ። ግን በር ስትዘጉ የሚንኳኳበት ቦታ ተዉ። እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ አንኳኳለሁ፤ ማን እንደዘጋብኝ አላውቅም። ሰው ቢሆን ሽማግሌ እልክበት ነበር።»

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ሦስቱን ገጽ ይዤ ቆምሁ። የመጀመሪያውን አነበብሁ። ሁለተኛው ላይ «ፈጽሞ ይከልከል» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍሁትና የዚያችን ተማሪዬን ነገር ነገርኋቸው።

«ይከልከል ልል ነው የመጣሁት፤ አሁንም እላለሁ» አልሁ። «ግን ቪዲዮውን የለቀቁት ልጆች በአባታቸው ስልክ፣ በአባታቸው ዕድሜ ገብተው ነው። መታወቂያ ቢጠየቁ የአባታቸውን ያሳዩ ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ደውዬ፣ ልጅ ናት፣ አንሡልኝ የምለው ሰው አልነበረም። ሕጉ ውስጥ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይኑር። ለእሷም፣ ለአባባም።»

ተቀመጥሁ። ሰብሳቢዋ ሐሳቡ ተይዟል አለች፤ ሐሳብ ሁሉ ተይዟል ነው የሚባለው። ምሳ ላይ ግን ባለሙያው ሳህኑን ይዞ ወደ እኛ ጠረጴዛ መጣ። የጾሙ ምግብ ከእኛ ሠርግ ይበልጣል፤ አባባ ገመቹ ሽሮ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞረው ያገኙት ሩዝ ነው። ሰውየው ልጅቷ ምን ብታገኝ ኖሮ ትመለስ እንደነበር በቁም ነገር ጠየቀኝ። ቪዲዮው በዚያው ቀን ቢወርድ፣ ጓደኞቿም መጥተው ይቅርታ ቢሏት አልሁት። የመጀመሪያውን ሕግ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ለእናንተ ትቼዋለሁ አለኝ። የእሱም ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ገጿን እንዳያይ አግዳዋለች። ይህን ሲነግረን አባባ ገመቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎሮ ተመለስን። ከመታጠፊያው ስንደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሚኒባሶች ቆመዋል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይገባሉ፤ ወንዶች የድንኳን ቋሚ ይተክላሉ። አባባ ገመቹ ልባቸው ደነገጠ። ከኮንዶሚኒየሙ ሰው ሞቶ በእኛ ግቢ ለቅሶ ተቀምጠው ነው፤ ቦታ የላቸውም አሉኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሩጫ ገብተው ከወንዶቹ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ በሹክሹክታ ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁት።

«ገመቹ ነዋ» አለ ሰውየው ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ዞሮ አያቸው።

የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሰውየው አግዳሚውን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አግዳሚው ላይ የነበሩትም አብረው። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ሳያቆሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። ደረጀ ከቀን እንቅልፉ በለቅሶ ድምፅ ተቀስቅሶ፣ አባቱ ከእንግዳ ጋር ከተማ ወጥተው ስለነበር እውነት መስሎት መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር፤ አሁን ተነሥቶ አባቱን አቅፎ አልለቅም አለ። ጫልቱ ከሱቋ ስትሮጥ ደረሰች።

ነገሩ ሲጣራ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሜ ማታ እየሳሉ «ደህና እደሩ ልጆ…» ሲሉ ስክሪኑ ሲጠፋ አይቷል። እሑድ የሉም፤ ሰኞ የሉም፤ ገጻቸውም ጠፋ። አንዱ ፎቶአቸውን ከሻማ ጋር ለጠፈ፤ ከዚያ ያልለጠፈ የለም። ደረጀ ጋ የደወሉም ነበሩ፤ ስልኩ ዝግ ነው፤ ዝግ መሆኑም ማረጋገጫ ሆነ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ፣ ከሰንዳፋ ድረስ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ።

ወይዘሮ ድንቄ የሚባሉ የድሮ ጎረቤታቸው ሦስት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። አባባ ገመቹ ፊት ቆመው ነጠላቸውን አጣጥፈው ትከሻቸውን መቷቸው። «ምን ሆነህ ነው ያልሞትከው?» አሉ፤ ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው እንደገና አለቀሱ።

አባባ ገመቹም ሕፃን ተብለው መታገዳቸውን ተናገሩ። ሳቁ ግራሩን አነቃነቀው። ማን ነው ዕድሜህን ያሳሳተው ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሲፈን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሳቸው ወደ እሷ አላዩም። «እኔ ነኝ፤ የአንበጣውን ዓመት ረስቼው» አሉ። ከዚያ ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጧት።

ለሐዘን የመጣው ንፍሮ ተከፈተ። ቀኑ ጾም ስለሆነ ማንም አላመነታም። አባባ ገመቹ የራሳቸውን ንፍሮ ሦስት ጊዜ አስጨምረው በሉ። የሚተያዩት መሬቱ ከተወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆኑ ነበሩበት፤ በላይቭ ስም ይጠራሩ እንጂ ፊት ለፊት አልተያዩም። አንዱ የሌላውን ሽበት ይነካል። ሁለት ሰዎች የሽምብራ ማሳ ድንበር የት ላይ ነበር ብለው መከራከር ጀመሩ፤ ድንበሩ አሁን ጫልቱ ሱቅ መሃል ነው የሚያልፈው። ድንኳኑን እናፍርስ ቢባል ወይዘሮ ድንቄ እንቢ አሉ፤ ተተክሏል አይደል፣ ጥላ ነው አሉ።

ሐሙስ

በማለዳ ስወጣ ርቀው የመጡት እዚያው አድረው፣ ድንኳኑ ውስጥ ቁርስ ይበሉ ነበር። አባባ ገመቹ አውቶቡስ ተራ ልሸኝሽ ቢሉ እንግዳ ትተው የት ይሄዳሉ ብዬ ከለከልኋቸው። በወረቀት የተጠቀለለ ቅንጬ ሰጡኝ፤ ቅንጬ በወረቀት እንደማይጠቀለል ያወቅሁት ፍቼ ላይ ቀሚሴን ሳየው ነው።

ጎሃ ጽዮን ደርሰን ሻይ ስጠጣ ጫልቱ ደወለች። ውይይቱ ላይ ያስመዘገብሁት የእሷን ቁጥር ነበርና፣ የሕግ ባለሙያው ደውሎ የመጨረሻው ረቂቅ ላይ አቤቱታ የሚቀበል ሰው እንዲኖር ሐሳብ አስገብቻለሁ ማለቱን ነገረችኝ፤ ያጸድቁት አያጸድቁት ገና አይታወቅም። ከዚያ ሳቋ እየቀደማት ሌላውን ቀጠለች። የዕድሜው ጉዳይ ጠዋት መልስ አግኝቶ አካውንቱ ተከፍቷል። አርባ ሦስት ዓመታቸውን ተቀብለዋቸዋል። ሲፈን ስልኩን ይዛ ወደ ድንኳኑ እየሮጠች አካኮ ተከፈተ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው ብትላቸው፣ አባባ ገመቹ ከወይዘሮ ድንቄ ወሬ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ እጃቸውን አወዛውዘው መለሷት።

«ዝጊው» አሏት። «ሰው ይዣለሁ።»